ለተማሪ ሆም ይበቃል



ውድ እህት ወንድሞች፤ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ በዶርምም በላይብረሪም ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ። «ላፕቶፔን ፎርማት ላስደርግ ነው፤ ዊንዶውስ ሆም ይጫንልኝ ወይስ ፕሮ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙም ሳይታሰብበት ይሰጣል፦ «ፕሮ ነዋ! ሆም ምን ያደርግልሃል?» ጠያቂውም ሄዶ ፕሮ ያስጭናል። ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያ ፕሮ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለአብዛኞቻችን ሆም ይበቃናል። ከላፕቶፓችን ጋር ተከፍሎበት የመጣውን ሆም አስጠፍተን በክራክ የተከፈተ ፕሮ ማስጫን ግን ንብረታችንንም፣ ደኅንነታችንንም፣ የሰውን ሐቅ የመጠበቅ ግዴታችንንም ይነካል። በዚህ የማይስማማ ወንድም ወይም እህት እንደሚኖር አውቃለሁ። ስለዚህ በየጊዜው የሚነሱትን መከራከሪያዎች አንድ በአንድ ላነሳ እወዳለሁ።

ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

«ሆም» እና «ፕሮፌሽናል» የሚሉት ስሞች ጎን ለጎን የወጡት በጥቅምት 1994 ዓ.ም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንዱ ለቤት፣ ሌላው ብዙ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አገናኝቶ ለሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሞቹ አንዳንዴ ቢቀያየሩም ክፍፍሉ እስከ ዛሬ አለ፤ በመስከረም 2014 ዓ.ም የወጣው ዊንዶውስ 11ም ሁለቱን ይዞ ነው የመጣው።

ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። የሁለቱ መሠረት አንድ ነው። ሆም ከፕሮ የዘገየ አይደለም፤ ፕሮም ላፕቶፑን አያፈጥነውም። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ማትላብ፣ አውቶካድ፣ ፓይተን፣ አንድሮይድ ስቱዲዮ በሁለቱም ላይ እኩል ይሠራሉ። የአማርኛውም የዐረብኛውም ኪቦርድ በሁለቱም ላይ አለ። የጸጥታ አፕዴትም ለሁለቱም ይመጣል፤ ከዊንዶውሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስም በሁለቱም አንድ ነው።

ታዲያ ፕሮ ምን ይጨምራል? ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩን ከመሥሪያ ቤት ዶሜይን ጋር ያገናኛል፤ ይህም አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ሁለት መቶ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ እንዲቆጣጠር የሚያስችል ነው። ሁለተኛ፣ ግሩፕ ፖሊሲ የሚባለውን የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ይሰጣል። ሦስተኛ፣ ሪሞት ዴስክቶፕን በሙሉ ይፈቅዳል፤ ማለትም ከሌላ ቦታ ሆኖ ወደዚህ ኮምፒውተር መግባት ይቻላል። ከሆም ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ይቻላል እንጂ ሌላው በዚህ መንገድ ወደ ሆም ሊገባ አይችልም። አራተኛ፣ ቢትሎከር የተባለውን ዲስክ የመቆለፊያ ዘዴ ከነሙሉ መቆጣጠሪያው ይዟል። አምስተኛ፣ ሃይፐር ቪ እና ሳንድቦክስ አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንደመክፈት ናቸው። ስድስተኛ፣ አፕዴትን ለረጅም ጊዜ ማዘግየት ያስችላል።

ሌላም ልዩነት አለ፤ እሱን ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ሆም እስከ 128 ጊጋ ባይት ራም ይቀበላል፤ ፕሮ እስከ 2 ቴራ ባይት ይደርሳል። በዶርማችን ውስጥ ያለው ላፕቶፕ 4 ወይም 8፣ ሲበዛ 16 ጊጋ ራም ያለው ነው። የሆምን ጣሪያ የሚነካ ተማሪ በካምፓሳችን አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አሳይመንት ለመጻፍ፣ የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት፣ ኮድ ለመማር፣ ቂርኣት ለማዳመጥ የሚያስፈልገን የቱ ነው? ለአብዛኞቻችን አንዱም አይደለም።

የዋጋውን ነገር እናስበው

በማይክሮሶፍት የአሜሪካ መሸጫ የሆም ዋጋ 139 ዶላር፣ የፕሮ ደግሞ ወደ 200 ዶላር ነው። ሆም ያለው ሰው ወደ ፕሮ ልሂድ ቢል ጭማሪው ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህ ገንዘብ በብር ምን ያህል እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ዶላር በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 10 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ የዛሬው ምንዛሪ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

እኔ ያደግሁት በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ አቅራቢያ በምትገኘው በቁሐር ሚካኤል ነው። በእኛ አገር ተማሪ ላፕቶፕ ሲገዛለት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ክረምቱን በውኃ ውስጥ የቆመው ሩዝ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽንብራ ይዘራበታል። ከሩዙም ከሽንብራውም ለቤት የሚሆነው ተቀንሶ የተረፈው ወረታ ገበያ ይወጣል። ላፕቶፑ የአንድ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ትርፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ገንዘብ ውስጥ ደግሞ አንድ የማይታይ ዕቃ አብሮ ተገዝቷል፤ የዊንዶውሱ ላይሰንስ ነው። አባት በላቡ ያመጣውን ልጅ ሳያውቀው ይጥለዋል።

እንዴት እንደሚጥለው ላስረዳ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊንዶውስ የተጫነባቸው ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የላይሰንስ ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ተለጣፊ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየርም አይጠፋም። ላፕቶፑ ሆም ይዞ ከመጣ ንጹሑን ዊንዶውስ እንደገና ስትጭኑት ጫኙ ራሱ ቁልፉን አንብቦ ሆምን ይጭናል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝም ያለ ምንም ክራክ አክቲቬት ይሆናል። ጥገና ቤት ሄደን «ፎርማት አድርግልኝ» ስንል ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ሠራተኛው በአንድ ፍላሽ ላይ የተዘጋጀ ፕሮ አለው፤ የመጣውን ሁሉ በእሱ ይጭናል። ሥራው ይፈጥንለታል፤ ደንበኛውም «ፕሮ ተጫነልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። በቺፑ ውስጥ ያለው የሆም ቁልፍ ለፕሮ አይሠራምና ፕሮው በክራክ ይከፈታል። የተገዛው ትቶ ያልተገዛው ተጫነ ማለት ነው።

ክራኩ ምን ይሠራል?

በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ኬኤምኤስ በሚባል ስም ይታወቃል። ኬኤምኤስ ራሱ ሕጋዊ ነገር ነው። ብዙ ኮምፒውተር ያለው ድርጅት የራሱን አክቲቬሽን ሰርቨር አቁሞ ኮምፒውተሮቹን በየ180 ቀኑ ፈቃዳቸውን እያደሰ የሚያሠራበት መንገድ ነው። ክራኩ ይህን ሰርቨር በላፕቶፓችን ውስጥ አስመስሎ ያቆማል። ይህን ለማድረግ የአስተዳዳሪ ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ማንነቱን ለማናውቀው ሰው የቤታችንን ቁልፍ ሰጥተን ዘበኛውን ደግሞ አሰናበትነው ማለት ነው።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ሬድ ካናሪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ኬኤምኤስፒኮ በሚል ስም ከሚሰራጩ ክራኮች ውስጥ ክሪፕትቦት የተሰኘ የይለፍ ቃል ሌባ ተደብቆ መገኘቱን ይፋ አድርጓል። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም ዋና መተላለፊያው ክራክና የቁልፍ ማመንጫ ፕሮግራም ነው። ትልልቅ ባንኮችን ትቶ እንደ እኛ ያለውን ተራ ተጠቃሚ ነው የሚያጠቃው። አራት ዓመት የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፏ በአንድ ሌሊት የማይከፈት ፋይል የሆነባትን እህት አስቧት። ሰነዱ በሌላ ቦታ ኮፒ ካልተደረገ ተመልሶ ለመገኘቱ ዋስትና የለም።

ጉዳቱ በባለቤቱ ላይም አያቆምም። አንድ ፍላሽ ከዶርም ዶርም፣ ከዶርም ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ጀማዓ ቢሮ ይዞራል። በአንዱ ላፕቶፕ የገባው በሌላው ይወጣል። በሐሳብ «የራሴ ላፕቶፕ ነው፤ ምን አገባችሁ» ማለት ይቻላል፤ በተግባር ግን ፍላሹ የጋራችን ነው።

የሐቅ ጉዳይ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «ማይክሮሶፍት የዓለም ሀብታም ድርጅት ነው። የእኔ አንድ ላፕቶፕ ምን ይጎዳዋል?» ይባላል። ይህን ከጥሩ ወንድሞች አፍም ሰምቼዋለሁ፤ በንቀት አላየውም። የሶፍትዌር ዋጋ የእኛን አገር ገቢ ከግምት አስገብቶ አለመተመኑም እውነት ነው።

ሆኖም የሰው ሐቅ በባለቤቱ ሀብት መጠን አይለካም። ሀብታም ጎረቤት ከጎተራው አንድ ቁና ቢወሰድበት አይጎዳም ብለን አንወስድም። በሀገራችን ሕግም ጉዳዩ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ያስቀምጠዋል። በሸሪዓው በኩልም ዑለሞች ዝም አላሉም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. በኩዌት ባካሄደው 5ኛ ጉባኤው፣ በውሳኔ ቁጥር 43፣ የደራሲነት፣ የፈጠራና የንግድ ስም መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን፣ እነሱን መዳፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዝርዝር ብይን የመስጠት ቦታው የእኔ አይደለም፤ የተጠራጠረ የአካባቢውን ዑለሞች ይጠይቅ። የተማሪ ድርሻ ግን ጥያቄውን ማንሳት ነው። የምንበላው ሐላል መሆኑን ጠይቀን፣ የምንማርበትን ሳንጠይቅ ማለፍ አይገጥምም።

«ዶሩራ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለንም» የሚልም አለ። ይህ መከራከሪያ የሚቆመው ሐላሉ በር ሲዘጋ ነው። እዚህ ላይ ግን ሐላሉ በር ክፍት ነው፤ ብዙዎቻችን ቁልፉን በራሳችን ላፕቶፕ ውስጥ ይዘነዋል። ላፕቶፑ ላይሰንስ ባይኖረው እንኳ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ በነጻ የሚሰጡ ስርዓቶች አሉ። በእነሱ ላይ የሚሠራው ሊብሬኦፊስ ለአሳይመንት በቂ ነው። ዶሩራው ያለው በመቸኮላችን ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በመካከላችን ሶፍትዌር ምህንድስና የሚማሩ እህት ወንድሞች አሉ። ነገ አፕ ሠርተው ሊሸጡ፣ ለዐረብኛ ትምህርት ወይም ለገበሬው የሩዝ ዋጋ መረጃ የሚሆን ፕሮግራም ሊያወጡ ያስባሉ። የነሱን ሥራ ማን ይገዛል? በነጻ መስበርን ልማድ ያደረገ ሰው የወንድሙን ሥራ ሲያገኝ በድንገት አይለወጥም።

ፕሮ የሚያስፈልገው ማን ነው?

ፕሮ ማንንም አይጠቅምም አልልም። የኔትወርክ አስተዳደር የሚማር ተማሪ ዶሜይንና ግሩፕ ፖሊሲን መለማመድ አለበት። ቢሮ የከፈተ፣ ሠራተኞቹን በአንድ ኔትወርክ የሚያሠራ ሰውም ፕሮ ይጠቅመዋል። ለእነሱም ቢሆን ሕጋዊ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት ለሙከራ የሚሰጠው ዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝ ለ90 ቀን፣ ዊንዶውስ ሰርቨር ደግሞ ለ180 ቀን በነጻ ይሠራል፤ ለአንድ ሴሚስተር ላብ ይህ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲዎች ከድርጅቱ ጋር ስምምነት ሲኖራቸው ደግሞ ተማሪው ኤጁኬሽን የተባለውን ዕትም ያገኛል፤ እሱም ከፕሮ በላይ የሆኑ ነገሮችን የያዘ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳለው የአይሲቲ ክፍሉን መጠየቅ ነጻ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች «ሃይፐር ቪ ከሌለኝ እንዴት ልማር?» ይላሉ። ቨርቹዋልቦክስ በነጻ ይገኛል፤ በሆም ላይም ይሠራል። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል በሆም ላይ አለ፤ ዶከርም በእሱ በኩል ይሠራል። ዲስኩን መቆለፍ የፈለገም መንገድ አለው። ላፕቶፑ አቅሙ ካለው ሆም ራሱ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚባል መቆለፊያ ይዟል፤ ከሌለው ቬራክሪፕት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ።

«ሆም አፕዴቱ ዳታዬን ይበላብኛል» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን በሆም ውስጥም አለ። አፕዴቱን እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። ኢንተርኔቱን ከሞባይል ስታገኙ ደግሞ በሴቲንግስ ውስጥ ያንን መስመር «ሚተርድ» ብላችሁ መዝግቡት፤ ያኔ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቃችሁ አያወርድም። የካምፓሱን ዋይፋይ ስታገኙ አስጨርሱት።

በቴሌግራም በጥቂት መቶ ብር የሚሸጠውን «ኦሪጅናል ፕሮ ቁልፍ» በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ አለኝ። 200 ዶላር የሚያወጣ ነገር በዚያ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለድርጅት ተሰጥቶ አላግባብ የወጣ ቁልፍ ነው፤ ማይክሮሶፍት ሲደርስበት ይዘጋዋል፤ ገንዘቡም አይመለስም።

መጀመሪያ የያዝነውን እንወቅ

ከመምረጥ በፊት ያለንን ማወቅ ይቀድማል። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ስትገቡ ዕትሙ ሆም ይሁን ፕሮ ታያላችሁ። «ሆም ሲንግል ላንጉጅ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ የሜኑውን ቋንቋ መቀያየር አያስችልም እንጂ ሌላው ሁሉ ሆም ነው፤ በአማርኛ መጻፍንም አይከለክልም። እዚያው ሲስተም ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኗል የሚል ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት አክቲቬት ሆኗል የሚል ከሆነና ላፕቶፑ የግላችሁ ከሆነ ግን፣ ድርጅት የላችሁምና፣ ክራክ መሆኑን ዕወቁ።

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙ አንድ መልካም ዜና ሊኖራቸው ይችላል። ከውጭ የሚመጡት ኢሊትቡክ፣ ላቲቲዩድና ቲንክፓድ መጀመሪያ የተገዙት ለመሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በቺፓቸው ውስጥ የፕሮ ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ያለው ሰው ንጹሕ ዊንዶውስ ቢጭን ፕሮው ያለ ክራክ ሊከፈትለት ይችላል። እሱ ፕሮን ይጠቀም፤ መብቱ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው የራስ የሆነውን በመጠቀም ላይ ነው።

አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ጥያቄያችሁ ከሆምና ከፕሮ ያልፋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል፤ ይህም ሆምንም ፕሮንም እኩል ይመለከታል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 እና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዊንዶውስ 10 የቆዩ የግል ተጠቃሚዎች ተመዝግበው የጸጥታ አፕዴት እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ከዚያ በኋላ ለ6ኛና ለ7ኛ ትውልድ ላፕቶፖች ሊኑክስ ሚንት የተሻለው ምርጫ ይመስለኛል።

ወደ ገጠር ለምንሄደው ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ 11 ሆም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ የነበረውን እናስታውሳለን። ስለዚህ ጭነቱን ካምፓስ ሳላችሁ ጨርሱ። ዲስካችሁ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻው ረጅም ቁጥር በአካውንታችሁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ቁሐር ሚካኤል ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ላፕቶፑ ያንን ቁጥር ቢጠይቃችሁ ከየት ታመጡታላችሁ? በወረቀት ጽፋችሁ ከሰነዶቻችሁ ጋር አስቀምጡት።

ለጀማዓችን የማቀርበው ሐሳብ

ይህን ሁሉ ብሎ እያንዳንዱን ለየብቻው መተው አይበቃም። አዲስ የሚገባ ተማሪ ጥገና ቤት የሚሄደው ሌላ የሚያውቀው ቦታ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ጀማዓችን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ይመድብ። የኮምፒውተር ሳይንስና የአይቲ ልጆቻችን ከዙህር እስከ ዐስር ተቀምጠው የመጣውን ላፕቶፕ ይመርምሩ፤ ላይሰንስ ያለውን ወደ ራሱ ላይሰንስ ይመልሱ፤ የሌለውን በሊኑክስ ይርዱ። የሚያስፈልገው ዕቃ 8 ጊጋ የሆኑ ጥቂት ፍላሾች ብቻ ናቸው። ንጹሑ የዊንዶውስ መጫኛ ከማይክሮሶፍት ራሱ በነጻ ይወርዳል፤ የሚከፈልበት ላይሰንሱ ነው። ማንም ከመምጣቱ በፊት ግን ሰነዱን በሌላ ዲስክ ኮፒ ያድርግ፤ ፎርማት የጠፋን አይመልስም።

ሁለተኛው ሐሳብ የጀማዓውን ኮምፒውተር ይመለከታል። የአባላት ስምና ስልክ፣ የሰደቃ መዋጮ ዝርዝር በእሱ ላይ አለ። ይህ አማና ነው። በክራክ በተከፈተ ስርዓት ላይ የሰው አማና ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ፕሮ መግዛት አያስፈልገንም፤ ሕጋዊ ሆም፣ ለእያንዳንዱ ኃላፊ የተለየ የይለፍ ቃል፣ የተቆለፈ ዲስክና በየሳምንቱ የሚደረግ ኮፒ ይበቃሉ።

ሦስተኛው፣ ከአይሲቲ ክፍሉ ጋር የሚነጋገሩ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እህቶች ይመረጡ፤ ስለ ኤጁኬሽን ዕትም ጠይቀው በሚቀጥለው ዕትማችን መልሱን ያሳውቁን። ጥያቄው የሁሉም ተማሪ ስለሆነ መልሱ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጥቅም ነው።

የምትስማሙም የማትስማሙም ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ አድርሱ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ላፕቶፓችሁን ክፈቱና አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ እዩት።

ወላሁ አዕለም።